ዓሣ ያልፈለገው ዓሣ አጥማጅ

ዕረፍት የሚሉት ነገር በየአገሩ መልኩ ይለያያል። እኛ ማረፍ ሲያምረን እንቀመጣለን። በቃ። ዛፍ ጥላ ሥር፣ ደጀ ሰላም፣ የጎረቤት መደብ ላይ እንቀመጥና ያልተጠየቅነውን እናወራለን፤ ጉልበታችን ሲመለስ ተነሥተን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ሰው ለማረፍ ብሎ ይደክማል፣ ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ውሎ «ዛሬስ አረፍኩ» እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል ቢሉኝ፣ የነገረኝን ሰው እጁን ይዤ ጠበል በወሰድኩት ነበር። ውኃንማ እናውቀዋለን። እንቀዳዋለን፣ ልብስ እናጥብበታለን፣ ከብት እናጠጣዋለን፣ በጥምቀት እንረጨዋለን፣ ክረምት ሲሞላ ደግሞ ከሩቅ ሆነን እንፈራዋለን። እያሳሳቀ የሚወስድ እሱ አይደል። ውኃ ላይ ወጥቶ መጫወት ግን፣ እናንተዬ፣ በየትኛው ድርሳን ተጽፏል?

ይህን የምለው እኔ ደግሞ በጋ በጠባ ቁጥር፣ እሑድ እሑድ፣ ጀልባ ላይ የምገኘው ሴትዮ ነኝ። ጥፋቱ የጣልያን ነው። የጣልያን ጥፋት ተቆጥሮ አያልቅም፤ ይኸኛው ግን ከሁሉም ትንሹ ሳይሆን አይቀርም።

መንደራችን ከጅጋ ወደ ብር ወንዝ ሲወርዱ ነው። ጣልያን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ የወንዙን መሻገሪያ የሚጠብቅ ትንሽ ሰፈር ከደጃችን ተከለብን። ያለ እነሱ ወረቀት ወዲያ የሚሻገር፣ ወዲህ የሚመጣ የለም። በበጋ ውኃው ጉልበት የማይደርስበትን ቦታ፣ ልጆች ሆነን ቀሚሳችንን ሰብስበን የተሻገርነውን፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሞ «ወረቀት» ይለን ጀመር። ወንዙም ሳይገርመው አልቀረም።

የሰፈሩ አለቃ ቀጭን፣ ረዥም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። ስሙ ለምላሳችን ስላስቸገረ ባለዘንጉ አልነው። ያ ሰው እሑድ ሲሆን ተጣጥፎ በበቅሎ የሚጫን የሸራ ጀልባ አስወርዶ፣ ዘርግቶ፣ ውኃው ከሚተኛበት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ከእሱ የሚረዝም ዘንግ ይዞ፣ ከዘንጉ ጫፍ ክር፣ ከክሩ ጫፍ መንጠቆ አስሮ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ። አይናገር፣ አይበላ፣ አይነቃነቅ። ከስንት ጊዜ አንዴ ዓሣ ቢይዝ እንኳ፣ ትንሽ ከሆነ አገላብጦ ያየውና መልሶ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል።

መንደሩ ሁሉ የመሰለውን አለ። አንዱ ወርቅ እየፈለገ ነው አለ። ሌላው የውኃውን ጥልቀት እየለካ ነው፣ ሊደፍነው ነው አለ። የንስሐ አባታችን ግን ቆመው ብዙ ካዩት በኋላ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ይኸ ሰው ትልቅ ኃጢአት ሠርቷል። ፀሐይ ላይ ዝም ብለህ ዋል፣ ያገኘኸውንም አትብላ ተብሎ ንስሐ ተሰጥቶት ነው» አሉ። ይኸኛው ለሁላችንም እውነት መሰለን። ሠርቷልኮ። ንስሐው አነሰ ያልን እንጂ በዛ ያልን የለም።

እንግዲህ ወደ ጭንቄ ልግባ። የታላቅ እህቴ ልጅ ሙሉ ታጭታለች። እህቴ ስለሞተች ሙሉን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ሠርጓም የእኔ ነው። እጮኛዋ አላምረው ከብር ማዶ ነው፤ ለጣልያን ሲነገር ምስኪን ገበሬ ነው፣ በእኛ በእኛ ደግሞ ጫካ የሚውል አርበኛ ነው። ጠላው ተጠንስሷል፣ በሬው ተመርጧል፣ ጥር እያለቀ ነው። ጾም ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም፤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ልንጠብቅ ነው። በዚያ ዘመን ጫካ የሚውል ጎልማሳ ለትንሣኤ ይደርሳል ብሎ ማን ይምላል? ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ ልቅዳ እያለች ወንዙ ዳር ትወርዳለች፤ እንስራው ግን አይሞላም፤ ማዶ ማዶውን ስታይ ቆይታ ባዶውን ተሸክማ ትመለሳለች። ይህን እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ዶሮ ታቅፌ ለሙሽራውና ለአጃቢዎቹ ወረቀት ልለምን ወደ ባለዘንጉ ወረድኩ።

አስተርጓሚው ግርማይ የሚባል፣ አገሩ ሐማሴን የሆነ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ነበር። አለቃውን ሰምቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እሜቴ፣ ዶሮዋን አልፈልግም ብሏል። ይህን ወንዝ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ ይባላል። ትልልቁ ዓሣ የት እንደሚውል በመጪው እሑድ ካሳየሽው ወረቀቱን ይፈርማል።»

ልብስ ሳጥብ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ወንዝ፤ ትልልቁ ዓሣ የሚውለው ከሾላው ሥር ካለው ጥልቅ ውኃ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? እሺ ብዬ እየበረርኩ ተመለስኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ለሙሉ አባት ለአያ ተሰማ ነገሩን ስነግረው ከችኮላዬ የተነሣ፣ «እሑድ ከሾላው ሥር ዓሣ ከያዘ ይፈርምልናል» አልኩት።

አያ ተሰማ ጥቂት አሰበ። «እስካሁን ስንት ይዟል?» አለኝ።

«ሦስት ወር ተቀምጦ ዐሥራ አንድ።»

«እንግዲያ ልጄ እስክታረጅ ቆማ ትቀራለች» አለና ወደ ጓሮ ዞረ።

ብርብራ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። የዛፍ ፍሬ ነው። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ቆሞ ከሚውል ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ሁሉ ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ሰው በእጁ ለቅሞ፣ አጥቦና ጠብሶ ይበላዋል። በእኛ አገር ዓሣ የሚያዘው እንደዚህ ነው። አንድ አፍታ ነው። ዓሣ የፈለገ ሰው ቀኑን ሙሉ ከዘንግ ጋር የሚፋጠጠው፣ ብርብራን የሚነግረው ዘመድ ቢያጣ ነው። አያ ተሰማ ዘመድ ሊሆነው ቆረጠ። ዓርብን ሲወቅጥ ዋለ። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም፤ ሴት ወሬ አትቋጥርም ባይ ነው። የወረቀቱን ነገር ማን ለምኖ እንዳመጣለት ረስቶ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወረድኩ። ቦታውን ከዳር ሆኜ በጣቴ የማሳይ መስሎኝ ነበር። ባለዘንጉ ግን ወደ ጀልባው ጠቆመኝ። ጀልባው ሁለት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ግርማይ ዳር ላይ ቀረ። ሦስት ጊዜ አማትቤ አንድ እግሬን ባስገባ ያ ሸራ ከሥሬ እንደ ወይፈን ጀርባ ተነቃነቀ። የማውቃቸውን ታቦቶች ሁሉ ጠራሁ፤ የማላውቃቸውንም ሳልጠራ አልቀረሁም። ከዚያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጀልባው ሄደ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሠላሳ ዓመት ከዳር ሆኜ ያየሁት ወንዝ ከመሐሉ ሲያዩት ሌላ ወንዝ ነው። ሾላው ጎንበስ ብሎ ያየኛል፤ ወፎቹ አይሸሹኝም፤ እንስራ የሌለበት ጀርባዬ እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን ገና አወቅሁ። እጄን ውኃ ውስጥ ብነክረው ውኃው በጣቶቼ መሐል እንደ ሐር እየሾለከ ሄደ። ለጠላት መሳቅ ነውር ነውና አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከነጠላው ሥር ግን ሳቅሁ። ከዚያ ማውራት ጀመርኩ፤ ሾላው የማን እንደነበር፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ማን እንደተጣላ።

«እሜቴ!» ብሎ ግርማይ ከዳር ጮኸ። «ዝም በይ ብሏል! ዓሣው ይሰማል!»

እኔ ሳወራ ያልሸሸው ዓሣ ግርማይ ሲጮህ ሳይሸሽ አልቀረም።

ዝም አልን። ክሩ ተጣለ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ። ባለዘንጉ ቀና አለ። ሌላ መጣ። ከዚያ ሃያ፣ ሠላሳ፤ ውኃው በነጭ ሆድ ተሞላ። ቀና ብዬ ባይ፣ አያ ተሰማ ከሾላው ጀርባ ብቅ አለ፤ ነጠላውን አደግድጎ፣ ባዶ ስልቻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለጌታ ግብር እንደሚያገባ ሰው እጅ ነሣ።

«ይልቀሙ ጌታዬ፣ ሁሉም የእርስዎ ነው» አለ።

ባለዘንጉ ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። በቋንቋው የጮኸው አንድ ቃል ነው፤ ወታደሮቹ ግን እየሮጡ መጥተው አያ ተሰማን ጨመደዱት። ግርማይ ዓይኑ መሳቁን ትቶ፣ «ውኃውን መረዘ፣ ሊገድለን ነው ይላል» አለኝ።

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ በዚህ ነገር ሰው የሚሰቀልበት ዘመን ነበር። ሠርግ ልደግስ ወጥቼ ልቅሶ ይዤ ልገባ ነው። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። አንድ ዓሣ ከውኃው አፍሼ አንሥቼ፣ «በላቸው» አልኩ ለግርማይ፣ «መርዝ አይደለም። ይህን እኛም ልጆቻችንም እንበላለን፤ አያ ተሰማ አዝኖላቸው ነው። ሦስት ወር ፀሐይ እየጠበሳቸው ዐሥራ አንድ ዓሣ ሲይዙ አይቶ፣ እኒህ ሰው ዓሣ መያዝ የሚያስተምራቸው አባት አጥተው ነው ብሎ አንጀቱ ተላወሰ። ይህን ሁሉ ለእርስዎ ብሎ ወቀጠ በላቸው።»

ግርማይ ቃሉን እየዋጠ አደረሰ። ባለዘንጉ እኔን አየ። አያ ተሰማን አየ፤ ስልቻውን አሁንም አልለቀቀም። ከዚያ ሰውየው ዘንጉን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይስቅ ጀመር፤ ጀልባው እስኪወዛወዝ፣ እኔም እንደገና ታቦት መጥራት እስክጀምር። አያ ተሰማ ተለቀቀ።

«ዓሣ ፈልጌ አይደለም የምመጣው ብሏል» አለ ግርማይ። «ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር በአገሩ ባሕር ላይ እንዲህ ይውል ነበር። እዚህ ሲቀመጥ እሱን የሚያዘው አለቃ የለም፣ እሱም የሚያዘው ወታደር የለም።»

«ታዲያ አገሩ ባሕሩ ደረቀ?» አልኩ።

ግርማይ ዓይኑ ሳቀ። ይህን ግን አላስተረጎመውም።

ያን የሰከረ ዓሣ እየገፋን ከወራጁ ውኃ ስናደርሰው ግማሹ ነፍሱ ተመልሳ ሽው አለ፤ የቀረውን ወታደሮቹ ጠበሱት። ወረቀቱስ? ባለዘንጉ አልረሳም፤ አዲስ ውል ግን አመጣ። ከታችኛው ውኃ ወርደን፣ እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ በመንጠቆ አንድ ዓሣ እስክይዝ አይፈርምም። ዘንጉን ሰጠኝና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሙሉን አሰብኩ። ጠላውን አሰብኩ፤ አንድ ሳምንት ካለፈ ይቆመጥጣል። ከዚያ ማሰቡም ደከመኝና ውኃውን ብቻ አየሁ። ፀሐይ ወደ ማዶ ማዘንበል ስትጀምር አንድ ነገር ክሩን ነካ አደረገው። እንደገና ነካ። ከዚያ ጎተተኝ። ከማላየው ቦታ፣ የማላውቀው ፍጥረት፣ ልክ እጄን ይዞ «ነይ» እንደሚል። ጮህኩ፤ ጩኸቴን ቡሬ ድረስ ያልሰማ ካለ እሱ ደንቆሮ ነው። ያወጣሁት ዓሣ የመሐል ጣቴን አያህልም ነበር። ባለዘንጉ ግን ባርኔጣውን አንሥቶ፣ በእርጥብ እጁ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

አላምረው ከሃያ አጃቢ ጋር፣ አርበኛ ሲያድን በከረመው ሰው ፊርማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመሻገሪያው በኩል ገባ። ጠባቂው ወታደር ወረቀቱን አይቶ እጁን ለሰላምታ አነሣለት። ሙሉም በቅጡ ተዳረች፤ እንስራዋም ከዚያ ወዲያ ሞልቶ ይመለስ ጀመር።

ጣልያን በመጣበት ሲመለስ ያ ጀልባ ሰፈሩ ውስጥ ተጣጥፎ ቀረ። አላምረው በአህያ ጭኖ አመጣልኝና፣ «እትዬ፣ ምርኮው ለእርስዎ ይገባል» አለኝ። እኔም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እወጣ ጀመር። ሰው ምን አለ? ባለዘንጉን ያለውን ሁሉ አለ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እያሉ አስፈራሩኝ። ዘንዶውማ መጥቶ ሄዷል አልኳቸው። የንስሐ አባቴ ግን ሰንበቱ አሳስቧቸው ብዙ ካሰላሰሉ በኋላ ፈረዱ፦ «ዓሣ ከያዝሽ ሥራ ነው፣ ሰንበት ሽረሻል። ካልያዝሽ ዕረፍት ነው።»

በዚህ ፍርድ በሰላም ስኖር፣ ባለፈው በጋ አንድ እሑድ ከሾላው ሥር ክሬን ጥዬ እንደተቀመጥኩ፣ አንድ ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ። ከዚያ ሃያ። ከዚያ ሠላሳ። ቀና ብል አላምረው፣ ያ አንበሳ፣ ስልቻ ይዞ ከዳር ቆሟል።

«እትዬ፣ ፀሐይ ላይ ሲንገላቱ አንጀቴ አልችል አለ» አለ። «ሠርጌን ለደገሱልኝ ሰው ይህ ያንሳቸዋል ብዬ ነው።»

ያን ጩኸት የጮህኩት እኔ ነኝ? ቀልቼ ነጥቼም ሊሆን ይችላል። ያን ቀጭን ሰውዬ፣ ጠላቴን፣ ያን ጊዜ ገና ገባኝ። ከዚያ ሳቄ መጣ። አላምረውን ጎትቼ ጀልባው ውስጥ አስቀመጥኩትና ዘንጉን ሰጠሁት። ጫካ አድፍጦ የኖረ ሰው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ድንጋይ ይመስል ዝም ይላል፣ ከእኔ እጥፍ ይይዛል።

አሁን እሑድ ማታ ሁለታችን ስንመለስ የንስሐ አባቴ ከደጀ ሰላሙ ሆነው ይጠይቁናል።

«ያዛችሁ?»

«ኧረ ምን ይዘን አባቴ፣ ስናርፍ ዋልን እንጂ» እላለሁ። ሙሉ ድስቱን ጥዳ ትጠብቀናለች፤ አላምረው ደግሞ ጋቢው ሥር የያዘው ነገር እየተወራጨበት ወደ ቤት ይፈጥናል። ዓሣን መብላት በብልኃት ነው ይባል የለ።