መምሬ ይኄይስን ማን ፈነከታቸው?

የሰው ልጅ ስለ ገዛ አፍንጫው የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ይገርማል እኮ! ቀኑን ሙሉ ከፊት ከፊቱ የሚሄደውን፣ በር ሲከፍት ከእሱ ቀድሞ የሚገባውን አካሉን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አይቶት አያውቅም። ስለ ጎረቤቱ አፍንጫ ጠይቁት፤ አንድ ሰዓት ያወራችኋል። ስለ ራሱ ስትጠይቁት ግን ምን አለው፣ እንደ ሰው ነው ይላል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አፍንጫ በወረቀት ላይ እያሳደግሁ እንጀራ ስበላ ነው።

ካርቱኒስት ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ካርቱኒስት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እናቴም እስካሁን ትጠይቀኛለች። በደጉ ጊዜ አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ መጽሔት በየሳምንቱ እየሳልሁ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ እልክ ነበር። መጽሔቱ ተዘጋ። ታፔላ መጻፍ ጀመርሁ፤ ባነር ማተሚያ መጣና ታፔላውን ከእጄ ነጠቀኝ። የሰርግ መጥሪያ ላይ ሙሽሮችን በካርቱን መሳል ጀመርሁ፤ መጥሪያው ወረቀትነቱን ትቶ ስልክ ውስጥ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁና ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትሁ። ወዲያው ኢንተርኔቱ ጠፋ። ሲመለስ እኔም ተመለስሁ። ከለውጥ ጋር እንደኔ ድብብቆሽ የተጫወተ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

በዚህ ሁሉ መሀል ያልለወጥሁት አንድ ነገር አለ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሌ በር ላይ፣ በራሴ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «እዚህ ቤት ሰው ፊት ለፊት ታይቶ በእጅ ይሳላል» ብዬ ጽፌያለሁ። ማንም ስልኩን ሁለቴ ነካ ነካ አድርጎ ራሱን ካርቱን በሚያደርግበት ጊዜ፣ ደንበኛ እኔ ዘንድ የሚመጣው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሲል ነው። እኔም በየሄድሁበት ይህን ካርቱን የሚሠራ የስልክ አፕ ስሰድብ ነው የምውለው። ሰው አያውቅም፣ ሁሉንም ካንድ እናት የወጡ ያስመስላል እላለሁ። ሰዎቹም እውነትህን ነው ይሉኛል። አንዳንዶቹ እንዲህ እያሉኝ ቴሌግራማቸው ላይ ያለው ምስል አፑ የሠራው ነው፤ እኔም እንዳላየ አልፋለሁ።

ታዲያ አንድ ሰሞን ከወደ ቡሬ ገጠር ሥራ መጣልኝ። መምሬ ይኄይስ የሚባሉ ቄስ አሉ። ከቡሬ ከተማ ወጥቶ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አጥቢያ ውስጥ እሳቸው ፊደል ያላስቆጠሩት፣ ዳዊት ያላስደገሙት ሰው ማግኘት ይቸግራል። የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ዛሬ ሹፌርና ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛም የሆኑት፣ ሊያመሰግኗቸው አስበው ነበር። ምስላቸው በካርቱን ይሳልና መጀመሪያ በአጥቢያው ተወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቅ፣ ቀጥሎ በባነር ይታተም አሉ። አንተን የመረጥንህ ሰውን አይተህ ስለምትስል ነው ብለውም አሞገሱኝ። ለመነሻ ያህል አንድ ፎቶ ላኩልኝ። መምሬ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመዋል። መቋሚያቸውን፣ ያችን ማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፏትን ባለ አግዳሚ ዘንግ፣ ብብታቸው ሥር አድርገው ተደግፈዋል። ከኋላቸው ቀይ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ተዘርግቷል።

እንደ ደንቡ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ግን ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ከቡሬ ወዲያ ያለው ጭቃ ጫማ አውልቆ ያስቀራል። በዚያ ላይ ለመስከረም የሚከፈት ትምህርት ቤት አጥር ላይ አንበሳና ዝሆን ጀምሬ አንበሳው ያለ ጅራት ቆሟል። ይህን ጭንቀቴን ለትርንጎ አወራኋት። ትርንጎ ጎረቤቴ ናት፤ ታፔላዬን የነጠቀኝ የባነር ማተሚያ የእሷ ነው፤ ቂም ግን አልያዝንም። ይኸው አፑ፣ ማን ያይሃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው አለችኝ። ሰይጣን እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አፑ በአንድ ደቂቃ ጨረሰ። እኔ ሁለት ቀን የምለፋበትን! ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልኬ ላይ አየሁት። ሙያዬ ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት አፍንጫውን ነው። ቀጥ ያለ፣ ልከኛ፣ የጨዋ ሰው አፍንጫ። ጢሙም አንድ በአንድ ወጥቷል። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ግሩፑ ላይ እንዲለቁት ላክሁና ወደ አንበሳው ጅራት ተመለስሁ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ትርንጎ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ መምሬ ይኄይስን የፈነከታቸውን ሰው ሰማህ ወይ አለችኝ። ማን ነው ስላት፣ ከመምሬ ጋር በእርሻ ድንበር ተኳርፎ የኖረው ጎረቤታቸው አያ ስመኘው ነው ይባላል አለችኝ። ራሳቸውን ፈንክቶ እግራቸውን ሰብሯቸዋል። አገሩ ተነሥቷል። የመምሬ የወንድም ልጆች ከሽንዲ ዱላቸውን ይዘው ሊመጡ ነው። ማን ነገረሽ ስላት አየት አደረገችኝና፣ አንተ አይደለህ እንዴ የሳልኸው አለችኝ።

ባነሩን ልታትም ስለነበር ሥዕሉን በኮምፒውተሯ ሰፊ ስክሪን ላይ ከፈተችልኝ። ወይ ጉዴ! ለካ አፑ ጥምጣም አያውቅም። ጭንቅላት ላይ የተጠመጠመ ነጭ ጨርቅ ሲያይ ፋሻ ነው ብሎ፣ የሆስፒታል ፋሻ አድርጎ፣ ጫፉን በፕላስተር ሳይቀር አጣብቆታል። የቀዩን ጥላ ቀለም ወስዶ ፋሻው ላይ ጠብ አድርጎበታል። መቋሚያ የሚባል ነገርም ሰምቶ አያውቅ፤ ብብት ሥር የገባ ባለ አግዳሚ ዘንግ ሲያገኝ ክራንች አድርጎት አረፈ። በዚያ ሁሉ መሀል መምሬ ፈገግ ብለዋል። ሰው ይህን ፈገግታ አይቶ፣ መከራውን በትዕግሥት ተቀብለውት ነው ብሎ አልቅሷል።

ቀላል ነው፣ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው ትላላችሁ። መምሬ ስልክ አይዙም። የባለቤታቸው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው። መምሬም በዚያው ሳምንት ለመምህራቸው ተዝካር ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ሄደዋል። ስለዚህ ጠያቂው ሁሉ እንቁላሉንና ማሩን ይዞ ሲደርስ መምሬ ቤት የሉም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምን ይበሉ? ደህና ናቸው፣ ቋሪት ሄደው ነው ይላሉ። እናንተው ፍረዱ፤ በእኛ አገር ክፉ ወሬ ሲደበቅ የሚባለው ምንድን ነው? ደህና ናቸው፣ አገር ቤት ሄደው ነው! ሰው መርዶ ሲሸፍን የኖረበትን ቃል ሴትዮዋ እውነት ሊናገሩበት ሲሞክሩ ማን ይመናቸው? በማሉ ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዱ ነበር አሉ።

ሥዕሉን ማስተካከል እችላለሁ። በስህተት ነው ብዬ ሌላ መልቀቅም እችላለሁ። ነገር ግን አገሩ የሚለው ምን መሰላችሁ? እሱ ሰው ፊት ለፊት ሳያይ አይስልም፤ ካየ ነው የሳለው። ያች የበራፌ ጽሑፍ አያ ስመኘው ላይ ምስክር ሆና ቆማለች። እሱን ነፃ ለማውጣት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ አላየኋቸውም፣ አልሳልኋቸውምም ማለት። ያን ካልሁ ደግሞ በራፌ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው፤ ነገ ማን ይመጣልኛል? ሚኒባስ ውስጥ እስከ ቡሬ ሳሰላስል ሄድሁ። ደግ ሰው ስለሆንሁ አይደለም የሄድሁት፤ ፈርቼ ነው። ሰው ቢሞት ከሥሩ የተጻፈው ስም የእኔ ነው።

ጭቃውን ሁለት ሰዓት ታግዬ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። አንዱ ወጌሻ ጭምር አምጥቷል፤ ሰውየው የቀርከሃ መጠገኛውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚሰበር እግር የሚጠብቅ ይመስላል። ወይዘሮ ጥሩወርቅን ፈልጌ ልጽናና ብል እሳቸው ራሳቸው እያለቀሱ ነው። አንዲት ጠያቂ ሥዕሉን በስልክ አሳይታቸው ኖሮ፣ ለካ ከኔ ደብቃችሁኝ ነው፣ ቋሪት ሄዱ ብላችሁ አታለላችሁኝ ይላሉ። ቋሪት የሸኟቸው እሳቸው መሆናቸውን እንኳ ረስተውታል።

ይህን ስሰማ ሽማግሌዎች ከታች ብቅ አሉ። መሀላቸው አያ ስመኘው ነው። ጎንበስ ብሏል፤ ትከሻው ላይ ይቅርታ መለመኛ ድንጋይ ተሸክሟል። አልመታሁም፣ ግን የወንድም ልጆቹ ሳይደርሱ ደም እንዳንቃባ መምሬ እግር ላይ ልውደቅ ብሎ መምጣቱ ነው። ላቡ ይንቆረቆራል። ያላጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሳይ ሳላስበው ተነሥቼ መሀል ገባሁ።

«ሥዕሉን እኔ አልሳልሁትም» አልሁ። «መምሬንም አላየኋቸውም። ስልክ ነው የሳላቸው።»

እንጀራዬን በገዛ እጄ ጭቃ ውስጥ እንደጣልሁት ታውቆኛል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነገር አጥብቀው የሚይዙ አዛውንት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሺ ልጄ፣ አንተ አላየሃቸውም። ስልኩስ የት አያቸው?»

ምን ልበላቸው? ስልክ ጥምጣም ስለማያውቅ ፋሻ ነው ብሎ ገምቶ ነው ልላቸው ሞከርሁ። ጥምጣም የማያውቅ ፋሻን ከየት አወቀ አሉኝ። ከኋላ ያሉት ደግሞ አያ ስመኘው በግ ሰጥቶት ነው እንዲህ የሚቀባጥረው ማለት ጀመሩ። ሃያ ዓመት በእጄ ነው የምስለው ስል ያመነኝ ሕዝብ፣ በሕይወቴ አንዴ አልሳልሁም ብል አላምን አለኝ።

በዚህ መሀል መምሬ ይኄይስ መጡ። ከቡሬ በእግራቸው፣ ጥምጣማቸው እንደነጣ፣ መቋሚያቸውን እየተደገፉ። እኛ እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት እሳቸው በራቸው ላይ ያን ሁሉ ሰው አዩ፣ ከውስጥም ልቅሶ ሰሙ። መቋሚያውን ወርውረው፣ ማን ሞተብኝ፣ ጥሩዬ ናት እያሉ እየጮኹ ገቡ። ጥሩዬ እሳቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ እሳቸው ጥሩዬን አቅፈው ያለቅሳሉ። ማን ለማን እንደሚያለቅስ ለማስረዳት ብዙ ደቂቃ ፈጀብን። ወጌሻው ግን ከመጣሁ አይቀር ብሎ ጉልበታቸውን አሸላቸው።

ሁሉም ሲረጋጋ መምሬ ዞር ብለው፣ ስመኘው ድንጋይ የተሸከመው ስለ ምንድን ነው አሉ። አያ ስመኘው ድንጋዩን ወርውሮ በነፃ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም።

«መምሬ፣ እጄን አላነሣሁብዎትም» አለ። «ድንበሯን ግን ሁለት ትልም ገፍቻለሁ። ድንጋዩን ከተሸከምሁት አይቀር እሷንም ይማሩኝ።»

መምሬ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። ሁለቱም ሲተቃቀፉ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም። ከሽንዲ የመጡት የወንድም ልጆችም ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እንቁላል ለመብላት ደረሱ።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱብኝ፤ ያንን ስልክ ኪስህ ክተትና አሁኑኑ፣ ሁላችንም እያየንህ፣ በእጅህ ሳላቸው። መምሬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔም ወረቀት አወጣሁ። እንደዚያ ቀን ስዬ አላውቅም። ጥምጣሙን ጥምጣም፣ መቋሚያውን መቋሚያ አደረግሁት። አፍንጫቸውንም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ፎቶው ያልተናገረለት ድንቅ አፍንጫ ነበር፤ የሚገባውን ቦታ ሰጠሁት። ወረቀቱን ከፍ ሳደርገው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ናቸው፣ ቁርጥ እሳቸው፣ ይሄን ስልክ አይችለውም አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ደረቴ ተነፋ። በራፌ ላይ ያለችው ጽሑፍ ተርፋለች ማለት ነው።

መምሬ ብቻ አልሳቁም። ወረቀቱን ተቀብለው አራቁት፤ አቀረቡት። በአንድ ጣታቸው አፍንጫቸውን ከላይ እስከ ታች ዳበስ ዳበስ አደረጉት። የስልኩን ሥዕል ከወረቀቱ ጎን አሳይቼ፣ ባነሩ ላይ የትኛው ይታተም ብዬ በኩራት ጠየቅኋቸው።

«የፊተኛውን አድርገው ልጄ» አሉኝ። «እሱ ላይ ያለው ቁስል ነው፤ ይድናል።»