ምንጣፍ ባጥብ

ሰው መኪናውን የሚያጥበው ለጎረቤት ዓይን ነው። ጎማው ሳይቀር እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል፤ እግር ሥር ያለችው ምንጣፍ ግን ባለቤቱና ተሳፋሪው ብቻ የሚያውቋት ገመና ናት። እናንተም እስቲ ዛሬ ጎንበስ ብላችሁ የራሳችሁን እዩ። አምና የጠፋባችሁን ቁልፍ እዚያ ካላገኛችሁት ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀሉ።

እኔ ዕድሜዬን መርካቶ ጫማ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እግር ሥር ነገር የመናገር መብት ካለ ለእኔ ነው። የአሮጌዋ መኪናዬ ምንጣፎች አራት ናቸው፤ ከላይ ጥቁር ቀይ ፀጉራም፣ ከታች ጎማ። አንድ ቀን አክስቴን ከአውቶቡስ ተራ ስቀበላት ከጎጃም ያመጣችው ቅቤ ፈሰሰባቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ የገባ ሁሉ ምሳ ምን እንደተሠራ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔስ ለምጄው ነበር፤ ችግሩ የመጣው በታናሽ ወንድሜ በደረጀ በኩል ነው።

ደረጀ ሰናይት የምትባል ልጅ ወዶ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ መንገሻ ራጉኤል ጀርባ የሚኖሩ፣ ሲስቁ ከታዩ ሰፈሩ ሳምንት የሚያወራላቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። መመለሱስ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ይመስላል። የእሳቸው ግን ከወግም አለፈ። «ልጄን ሊጠይቁ መጥተው እየተሳሳቁ ገቡ፣ ዳግመኛ እንዲህ ከመጡ በሬን አልከፍትም» ብለው ላኩብን። ደረጀ እህል መቅመስ ተወ። ሌሎች ሽማግሌዎች ተመረጡና ለቅዳሜ ተቀጠረ፤ ይህኛው ከተበላሸ ሦስተኛ እንደሌለ ሁላችንም አውቀናል። የማደርሳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ቅቤ ቅቤ እየሸተተ የሚገባ ሽማግሌ ለሳቅ እንጂ ለቁም ነገር አይሆንም።

ዓርብ ማለዳ ሱቄን ዘግቼ ለአጠባ ተነሣሁ። ምንጣፎቹን ላቫጆ እንዳልወስዳቸው፣ ላቫጆ የገባ ምንጣፍ ረጥቦ ይወጣል እንጂ ታጥቦ አይወጣም። መርካቶ ውስጥ በነፃ የሚታደል ነገር ቢኖር ምክር ነውና አንዱ ኮምጣጤ፣ አንዱ ላምባ አለኝ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ አራግፋቸው አለችኝ። የማንንም አልሰማሁም፤ በተለይ የባለቤቴን። ሳላራግፍ ውሃ ብቸልስባቸው የሦስት ዓመት አቧራ ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ወገቤ እስኪቆረጥ ፈተግኋቸው፤ አራቴ አለቀለቅኋቸው። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ካለው ሽቦ ላይ ሰቅዬ፣ ትንሽ ቆሜ ከተደነቅሁ በኋላ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

እዚያው ግቢ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች በዚያው ቀን የተደለዘ በርበሬ አስጥተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ካፊያ መጣ። ሴትዮዋ ምን ያድርጉ? ቀና ሲሉ የደረቁ አራት ምንጣፎች ተሰቅለዋል፤ ጀርባቸው ጎማ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። አወረዱና ፀጉሩን ወደ ታች አድርገው በርበሬውን ሸፈኑበት። ሲያባራ አራግፈው እንደነበሩ ሰቀሏቸው። ስመለስ ምንጣፎቼን ከዝናብ እንዳተረፉልኝ ነገሩኝ፤ እኔም መርቄ ተመረቅሁ። እንዴት እንዳተረፏቸው አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ምንጣፎቹን ወደ ቦታቸው መልሼ ሦስቱን ሽማግሌዎች አሳፈርኩ፤ መሪያቸው ጋሼ ወርቁ ናቸው። ከእኛ ቤት ራጉኤል ጀርባ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ በእግሩ ከመጣ ልጁ የሌለው ነው ይባላል። በመኪና አንድ ሰዓት ፈጀብን። ከፊታችን የጭነት መኪና ጣቃ ያራግፋል፣ ከላይ ይዘንባል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። መስታወቱ ጉም ሲለብስብኝ ማሞቂያውን ወደ እግራችን ለቀቅሁት። መጀመሪያ ጋሼ ወርቁ አስነጠሱ፣ ይማርዎ አልናቸው። ከዚያ ሁላችንም አስነጠስን፤ ይማርህ የሚል ሰው ጠፋ።

አቶ መንገሻ ቤት ስንገባ የሦስቱም ዓይን በርበሬ መስሏል፤ መሆኑንስ መቼ አወቅን። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይቀመጥምና ቆመው በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሼ ወርቁ ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑት ንግግር ነበራቸው። «የመጣነው…» አሉና ጉሮሯቸው ተዘጋ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና እንባ ቀደማቸው። በሩ ሥር ቆሜ የወንድሜ ነገር እንዳከተመለት ቆረጥኩ።

አቶ መንገሻ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እርስዎን የሚያህል ሰው ለልጄ ብሎ ካለቀሰማ» አሉ፤ «እኔ ማን ነኝ? ይቀመጡ።»

ሳይደግስ አይጣላም። ማታ ምንጣፉን በዳበስኩበት እጅ ዓይኔን ባሸው ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ምስጢሩን ለጋሼ ወርቁ ብቻ ነገርኳቸው፤ ብዙ ሳቁ። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሐሙስ ቀን መጡና ሌላ ሽምግልና እንደያዙ፣ አባትየው ድንጋይ እንደሆነ አጫውተውኝ ምንጣፎቹን አውሰኝ አሉኝ። አዋስኳቸው።

የሠርጉ ዕለት አቶ መንገሻን ወደ አዳራሹ የማድረስ ዕጣ ለእኔ ወጣ። ልጃቸውን መርቀው ሲሸኙ ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አልተነበበም፤ አንጀተ ደረቅ ሲሏቸው ሰማሁ። ከጎኔ ተቀመጡ። ሁለት መታጠፊያ ሳንሄድ መሐረባቸውን አወጡ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

«መኪናህ ውስጥ ዓይን የሚያቃጥል ነገር አለ መሰለኝ» አሉኝ ወደ መስኮቱ ዞረው።

ወደ እግራቸው ሥር አየሁ። ጫማቸው ያረፈው ባዶ ላሜራ ላይ ነው።

«አዎ ጋሼ፣ የምንጣፉ ነው» አልኳቸው። «በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ነው።»