ሦስት መርከብ፣ ሁለት ጥላ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የፍልሰታ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ስለ መርከብ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ወደብ ድረስ አትድከሙ፤ ወደ ላስታ ኑ። ባሕር ያየ ሰው ስለ ባሕር ብዙ አያወራም። ያላየ ሰው ግን… ያን ሰሞን እኛ ቤት ብትገቡ ኖሮ የትኛዋ መርከብ በማዕበል እንደምትናጥ፣ የየትኛዋ ፍራሽ ወገብ እንደሚያሳርፍ፣ የትኛዋ ለቁርስ ስንት ዓይነት ዳቦ እንደምትደረድር ተምራችሁ ትወጡ ነበር። ከመካከላችን ብዙ ውኃ ያየው ባለቤቴ ሞላ ነው። እሱም ያየው የሐይቅ እስጢፋኖስን ሐይቅ ነው፤ በአውቶቡስ መስኮት።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ጽጌ ናት። በሆቴል መስተንግዶ ተመርቃ እዚሁ ላሊበላ ትሠራ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ። አባቷም አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ሲጠፋ የሚቀንሰው ሠራተኛ ስለሌለው ራሱን ቀንሶ ቤት ዋለ። ተመስገን፣ ጤና አለን። ጽጌ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በስልኳ ስትጽፍ፣ ስትመልስ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በምስል ስትነጋገር ከረመች። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ ለሽርሽር መርከብ አስተናጋጅነት እንዳለፈች ነገረችኝ። በአንድ አይደለም፤ በሦስት መርከብ። ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዷን መርጣ መልስ መስጠት አለባት።

«እማ፣ አንቺ ምረጪልኝ» አለችኝ። «ሳትመርቂኝ አልሄድም።»

ዝም አልኩ። በየሳምንቱ የምታነቡኝ ታውቃላችሁ፤ ቃል አላበዛም። ሽንኩርቱም ረዳኝ፤ እንባዬ የሱ መሰለ።

እውነቱን ለእናንተ ልናገር። ልጄ አንድ ናት። በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ከከተማችን በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጣሁ። «እመቤቴ፣ የልጄን ልብ ከመርከብ መልሺልኝ፤ የከፋይ ጥላ አመጣልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። እንደወረድኩ በቀጥታ አያ ሁሴን ሱቅ ሄድኩ። አያ ሁሴን የጋሸና ሰው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ሙስሊም ነው፣ ግን የቤተ ክርስቲያን ጥላ ዘርፉ ከላላ፣ ከፋዩ ከሳሳ፣ ከካህናቱ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። አንድ ጥላ እንዲያስቀምጥልኝና ለማንም እንዳይናገር ነገርኩት። ወላሂ አልናገርም አለኝ።

እንግዲህ ስእለቱ እስኪሰምር ድረስ ምርጫውን መቀጠል ነበረብኝ። ለይምሰል።

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ መጡ። መርከብ ምርጫ ላይ ካህን ምን ይሠራል የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተስ ልጃችሁን ማንን ሳታማክሩ ነው የምትልኩት? ሽሯችንን ቀማመስንና ሞላ የጽጌን ስልክ ይዞ ተነሣ። ያ ሰው ስንት ወር ሙሉ የሚያስጎበኘው እንግዳ አጥቶ ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ ሁለት አገኘ፤ እኔንና አባ ተክሌን። ጉሮሮውን ጠረገ፣ በስተቀኝ የምታዩት እያለ ጀመረ። ጫማ አውልቁ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

የመርከቦቹ ስም ለአፌ ስለከበደኝ በጭስ ማውጫቸው ቀለም ጠራኋቸው፤ ነጯ፣ ሰማያዊዋና ቢጫዋ።

ነጯ ትልቋ ናት። ሞላ እንደሚለው ቤተ መድኃኔ ዓለምን አሥር ጊዜ ብትቀጣጥሉት ነው ርዝመቷ። እሷ ላይ ምግብ ከጠረጴዛ አይነሣም። ሰዉ የሚጾመው እንቅልፍ ሲወስደው ብቻ ነው። አባ ተክሌ የቡፌውን ፎቶ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ ለማወቅ ያህል ነው ብለው፣ ያ ቀዩ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ። መዋኛ ገንዳም አላት። ዙሪያዋን ውኃ ሆኖ ሳለ ሌላ ውኃ ተሸክማ ትዞራለች። ውኃ በጀርባችን ስናወጣ የኖርን ሴቶች ይህን እንዴት እንደምናየው እናንተው ገምቱት። ደግሞ ባሉበት ቆመው የሚራመዱበት መሣሪያ አለ፤ ሰዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቁለታል። አሸተን መውጫ ላይ ተራ አንጠብቅም፤ ተመስገን።

ሰማያዊዋ አነስ ያለች፣ ክብሯን የጠበቀች ናት። አስተናጋጁ የእንግዳውን ስምና ቡናውን እንዴት እንደሚወድ ያውቃል። እሷ ላይ ሁሉ ነገር ከዋጋው ጋር ተካቷል፤ ነጯ ላይ ግን የተካተተም ያልተካተተም አለ። አባ ይህ አልገባቸው አለ።

«እንደኛው ቲኬት ነው፣ አባ» አለ ሞላ። «አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ያሳያል፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ለብቻው ነው።»

ወዲያው ገባቸው።

ቢጫዋ የወንዝ ናት። በግራም በቀኝም መሬት ይታያል፤ ዛፍ፣ ላም፣ ሰው። ሌላ ምንም የላትም፤ ለእንግዶቿ ብስክሌት ታውሳለች አሉ። እኔ ወደድኳት። ብትሰጥም ተራምደው የሚወጡባት መሰለችኝ። ሞላ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። አስጎብኚ ትልቅ ነገር ነው የሚወደው።

ከዚያ አባ ተክሌ ዋናውን ነገር አነሡ። የኖኅ መርከብ ባለ ሦስት ደርብ እንደነበረች አስታውሰው፣ ነጯ ስንት ደርብ እንዳላት ጠየቁ። አሥራ ስድስት ናት ተባሉ።

«እንስሳቱስ የት ናቸው?»

ጽጌ አንድ ፎቶ ፈልጋ አሳየቻቸው። ለካ መርከብ ላይ አልጋ ሲነጠፍ ፎጣውን እየጠቀለሉ ዝሆን ያደርጉታል፤ አልጋው መካከል ኩምቢውን አንሥቶ ቁጭ ብሏል። አባ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አዩት።

«ፎጣ ነው?»

«ፎጣ ነው፣ አባ።»

«ጥንዱስ?»

ጽጌ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ተሳልኩ እንጂ ሳቅ አልተውኩም። ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ብዙ መብራት የሚብለጨለጭበት፣ ሰው ጠረጴዛ ከቦ የተቀመጠበት ክፍል ነበር። አባ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሞላ ሃያ ዓመት ሲያስጎበኝ ለጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን የካህን ዓይን ፊት ቁማር ቤት ማለት አቃተው። «የመብራት ክፍል ነው፣ አባ» አለ።

ልደብቃችሁ አልችልም፤ ወደ ማብቂያው ገደማ ልቤ ላላ። የሰማያዊዋ ክፍል በረንዳ ነበረው። ልጄን እዚያ በረንዳ ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባሕሩን እያየች ዳዊቷን ስትደግም አየኋት። ትራሱም አራት ዓይነት ነው፤ ይመረጣል። ለስላሳው አንገት ያሳምማል፣ መካከለኛው ይሁን አልኩ። ጽጌ አንገቷን ደፋች።

«እማ፣ ይሄ የእንግዳ ክፍል ነው። ሠራተኛ የሚተኛው ታች ነው፤ ከውኃው ልክ በታች። መስኮት የለውም። ለሁለት ነው።»

አስቡት እንግዲህ። ከሰዓቱን ሙሉ ልጄን በሰው አልጋ ላይ አስተኝቼ ትራስ ስመርጥላት ነበር። ገንዳው፣ ቡፌው፣ ዝሆኑ፣ ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

ሞላ ነገሩን ሊያቀልልኝ ፈለገ። «እኛስ የምናስቀድሰው ከመሬት በታች አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ቤተ ጊዮርጊስ አይሰጥምም» አልኩት።

«እሱም የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ይባላል፣ ወለተ ሥላሴ» አሉ አባ ተክሌ በክርስትና ስሜ ጠርተውኝ። የንስሐ አባቴ ከባለቤቴ ጋር ወገኑ።

ከሦስቱ አንዷም እንደማትሆን ተናግሬ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። ልጄ አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ከአባቷ ተቀብላ ኪሷ ከተተችና ሳህኑን አብራኝ አጠበች። ስእለቴ ሠመረ አልኩ በልቤ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ገበያ ገባሁ። አያ ሁሴን ከሩቅ አይቶኝ በእጁ ጠራኝ። ጨንቆታል። ከደሴ የሚመጣው ዕቃ መንገድ ላይ ቀርቶበት፣ ሱቁ ውስጥ ያለው የከፋይ ጥላ ሁለት ብቻ ሆኗል።

«አንዱ የኔ ነዋ» አልኩት።

«እሱ ነው ችግሩ፣ እታለም። ሦስት ሰው አስቀምጥልኝ ብሎኛል። ሦስቱም ለማንም አትናገር ብለውኛል። እኔም አልናገርም። ግን ሦስቱም ከአንድ ቤት ናቸው።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤታችሁ ያፈሳል እንዴ?»

ቤት ስደርስ ሁለቱም በረንዳው ላይ ነበሩ። ቅርጫቴን አስቀምጬ፣ ማን ምን ተሳለ ብዬ ጠየቅሁ። ሞላ መጀመሪያ የጣራውን ቆርቆሮ መመልከት ጀመረ። በኋላ ግን አመነ። አሸተን ማርያም የወጣው ከኔ በፊት ነው፤ የጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ብትሄድም ብትቀርም እናትና ልጅ እንዳይቀያየሙበት። እኔም የኔን ተናገርኩ። ያን ጊዜ አፈርኩ፤ ልጄ ፊት ቆሜ፣ የፈለግሽው እንዲበላሽ ጥላ ተስያለሁ ማለት ቀላል አይደለም።

ጽጌ አልተቆጣችም። የሷ ስእለት ስለ መርከብ አልነበረም። መርከቡንማ አግኝታዋለች፤ ሦስት። የተሳለችው የኔን ምርቃት እንድታገኝ ነው።

ተቀመጥኩ። ሰው ቃል ስለማላበዛ ጨዋ ይለኛል። እኔም ራሴን እንደዚያ አድርጌ ነበር የማየው። ልጄ ግን በዝናብ ተራራ ወጥታ፣ እናቷ አፍ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ከእመቤታችን ትለምን ነበር። እንደዚያ ያለው ዝምታ ጨዋነት አይደለም፤ ንፍገት ነው።

«ከሦስቱ አንቺ የትኛዋን ነው የምትወጂው?» አልኳት። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ እኔም፣ አባቷም፣ አባ ተክሌም።

ነጯን አለች። ገረመኝ፤ ያቺን ስትበላ ውላ ስትበላ የምታድረውን! ምክንያቷን ነገረችኝ። ሦስቱንም ያነጋገረቻቸው ጊዜ የጠየቀችው ስለ አንድ ነገር ነው፤ እጾማለሁ፣ የምበላው ይኖራል ወይ ብላ። የሰማያዊዋ ሰዎች፣ አስተናጋጅ ለእንግዳ የሚያቀርበውን ምግብ ቀምሶ ማወቅ አለበት አሏት። ቢጫዋ ሠራተኛዋ ጥቂት ስለሆነ ድስቷ አንድ ነው። የነጯ ሴትዮ ግን ሳቅ ብላ፣ ሥጋም ዕንቁላልም በአፋቸው የማይዞር ብዙ የሕንድ ሠራተኞች እንዳሉ፣ ከነሱ ገበታ ወተትና ቅቤ የሌለበትን እየመረጠች ብትበላ ጾሟን ሳታፈርስ እንደምትከርም ነገረቻት። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የማይቀምስ ሰው ዓለም ላይ መኖሩን ያን ዕለት ሰማሁ። እኛ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጾመን ለፋሲካ እንደደረሰ ሰው እንሆናለን።

«ኮንትራቱ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ወር።»

ዘጠኝ ወር እኔም ተሸክሜያታለሁ። እንግዲህ አሁን የመርከቡ ተራ ነው አልኩ።

ተንበርክካ ራሷን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «ሂጂ፣ ልጄ» አልኳት። «ከክፉ ይሰውርሽ። ሰው ይስጥሽ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። ከውኃው በታች ስትተኚ እሱ ከበላይሽ ይሁን።» ሞላ አሜን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ጉንፋን ነው አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽጌ መልሷን ላከች።

አያ ሁሴንም ተገላገለ። የልጄ ስእለት ሠምሯል፤ የአባቷም ሠምሯል፤ የኔ አልሠመረም። ሁለት ጥላ በቃ። እመቤታችን የሱቁን ዕቃ ቆጥራ ነው የፈረደችው።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ ሦስታችንም አሸተን ወጣን። ዝናቡ ገደሉን ይዞ ይወርዳል። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ጥላ ለራስ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ሁለቱን የከፋይ ጥላ በላስቲክ ጠቅልለን፣ እንደ ሕፃን አቅፈን፣ እኛ እስከ አጥንታችን ረጠብን። አህያ እየነዱ የሚወርዱ አንድ አባወራ ቆመው አዩን፤ ጥላችንን አዩ፤ ከኛ የሚንጠባጠበውን ውኃ አዩ። እግዜር ይማራችሁ ብለው አለፉ።

በሩ ላይ መነኩሴው ጥላዎቹን ተቀበሉ። የልጄን ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። የባለቤቴን ጠየቁ፤ ነገራቸው። ወደኔ ዞሩ።

«አንቺሳ፣ ልጄ? ባዶ እጅሽን?»

ከነጠላዬ ሥር ጧፌን አወጣሁ። አንድ እስር ነበር፤ ቢረጥብም ይነዳል።

«እኔ የለመንኩትን እንቢ ብላኛለች፣ አባቴ» አልኳቸው። «ላመሰግናት ነው የመጣሁት።»