ያለ አለንጋ የተገራ ፈረስ

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ተረት ያወጣው ሰውዬ የኔን ፈረስ አላየውም። የኔው አይዋጋም፤ እሱስ እውነት ነው፤ ዝንብን እንኳ በጭራው ሲያባርር ይሉኝታ የያዘው ይመስላል። ማድረሱን ግን እንጃ! እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ዓለም ጥፋት ግማሹ የሚመጣው ካለማወቅ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ በደንብ ከማስተማር። ሰው ቢያስተምሩት ይረሳል፣ ያሻሽላል፣ ሲብስም መምህሩን ይሰድባል። እንስሳ ግን ያስተማሩትን ይዞ ይቀራል። «ዛሬስ ቀኑ ሌላ ነው» አይልም። አንዴ ካወቀ አወቀ ነው።

ፈረሱን የገዛሁት ገና ውርንጭላ ሳለ ከሉማሜ ገበያ ነው። ያድጋል ብዬ ነበር፤ አላደገም። ቁመቱ ከአህያ ከፍ ቢል በትንሽ ጣት ነው። እኔ ደግሞ ዘለግ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ጋሪው ላይ ስቀመጥ ማን ማንን እንደሚጎትት አይለይም። ድሮ ጌቶች በፈረሳቸው ስም አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ እየተባሉ ይጠሩ ነበር አይደል? እኔም አልቀረብኝም፤ ሰፈሩ አባ ድንክ ብሎ ሾመኝ።

ሹመቱ አናደደኝና ፈረሱን መግራት ያዝኩ። መጀመሪያ ጭድ የተሞላ ጆንያ አሸከምኩት፤ ቀጥሎ ግንድ አስጎተትኩት፤ ከዚያ ባዶ ጋሪ። የአውቶቡስ ጥሩምባ እንዳያስበረግገው አስፋልት ዳር አቁሜ ባቄላ አበላሁት። ጠዋት ጠዋት ዳገት አስወጣሁት። ክረምቱ ሲያልፍ ደረቱ ሰፋ፣ ጭኑ ጠበደለ፣ ጠጉሩ ቅቤ የተቀባ መሰለ። ጤፍ ጭነን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንወጣ ትልልቆቹ ፈረሶች ዳገቱ ላይ ሲያለከልኩ እሱ ጆሮውን ቀስሮ ያልፋቸዋል። ኩራቴን አትጠይቁኝ! ልጄ ዶክተር ቢሆን እንኳ እንዲያ የምኮራ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አማቴ ገቡበት። የኔታ አስማረ፣ የባለቤቴ የጥሩወርቅ አባት፣ ዲማ ተምረው ስንቱን ያስተማሩ ቄስ ናቸው፤ ነበሩ ልበል እንጂ። አባቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተ አባት ያልኩት እሳቸውን ነው። ከተማ ሲወጡ ሁልጊዜ በኔ ጋሪ ነው። አንድ ቀን ፈረሱን በአለንጋ ሸንቆጥ ሳደርገው አዩና፣ ይህ ፍጥረት ምን በደለህ፣ በዱላ የተገራ ዱላ በሌለበት ቀን ይከዳሃል አሉኝ። አለንጋዬን ተቀበሉ፤ ሰባብረው ለምድጃ አደረጉት። በትርም ቢሆን በዚህ ጋሪ ላይ እንዳላይ ብለው ጨመሩ። የጎጃም ሰው ያለ በትር ሲሄድ ራቁቱን የሄደ ነው የሚመስለው፤ እኔ ግን ለአማቴ ስል ራቁቴን ሄድኩ።

ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለም አያልፍም፣ የክርስቲያን ፈረስስ ለምን ያልፋል የሚል ጥያቄ አመጡ። ከዚያ ወዲያ ደጀ ሰላም በደረስን ቁጥር ፈረሱን አቆመዋለሁ፤ ወርደን እንሳለማለን፣ አባታችን ሆይ እንደግማለን፣ በመጨረሻ የኔታ ከመዳፋቸው እፍኝ ገብስ ያበሉትና ጉዟችንን እንቀጥላለን። ብዙም ሳይቆይ ልጓም መያዝ ቀረ። ደጁን ሲያይ ራሱ ቀጥ ይላል፤ ገብሱን ሳይበላ ንቅንቅ የለም። አገሩ ተደነቀ! ይህ ፈረስ ከስንቱ ሰው ይሻላል ተባለ። እኔን ደግሞ እንደ ወትሮው ማንም ከቁም ነገር አልጣፈኝም።

እንዲህ እያልን ስንኖር አንድ ማክሰኞ ጠዋት የኔታን ሆዳቸውን ቆርጦ ያዛቸው። የዋዛ ሕመም አልነበረም። እኒያ የማንንም እንቅልፍ የማይነኩ ሰው ጮኹ። ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ያስመልሳቸዋል። ጥሩወርቅ አባቷን አይታ እኔን አየችና፣ ሆስፒታል በቶሎ ካልደረሰ አባቴ አለቀ አለች። አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ወጥቷል። ባጃጆቹ? ቤንዚን ጠፍቶ ማደያው ደጅ ተሰልፈው ቆመዋል። ያን ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደረቴን ነፋሁ። የኔ ፈረስ ቤንዚን አይጠጣም አልኩ።

ጋሪው ላይ ጭድ ጎዘጎዝን፣ የኔታን በጋቢ ጠቅልለን አስተኛን፤ ጥሩወርቅ ልብስና ስንቅ ይዛ ልትከተለን ቀረች። ፈረሱም በረረ። በሕይወቴ እንዲያ ሲሮጥ አላየሁትም። የነዚያ ጠዋቶች ዳገት ዋጋው ዛሬ ተገኘ እያልኩ ሚካኤል ደጅ ደረስን። ቀጥ!

ኪሴን ዳበስኩ። በጥድፊያ ገብስ አልያዝኩም። ደግነቱ የኪሴ ስፌት ውስጥ ጥቂት ፍሬ ተሰግስጎ ኖሮ ለቃቅሜ አበላሁትና ተንቀሳቀሰ። የኔታ ጣዕር ላይ ሆነው እንኳ አማተቡ። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ከፊታችን ማርያም አለች።

ማርያም ደጅ ስንደርስ ቀጥ አለ፤ ቀና ብሎም መዳፌን ጠበቀ። ለመንኩት። ልጓሙን ጎተትኩ፤ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላ ገፋሁ፤ ተደገፈኝ። ዳሌውን በጥፊ አቀመስኩት፤ ለካ ጎበዝ ስለው የምመታው እዚያው ላይ ስለሆነ አንገቱን ቀስሮ ይበልጥ ቆመ። ዱላ ልስበር ብዬ ዙሪያዬን ባይ፣ ያለው ዛፍ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። የማርያምን ቅጠል የቆረጠ ውግዝ ይሁን ብሎ የገዘተው ማን መሰላችሁ? ጋሪው ላይ ያሉት ሰውዬ!

በዚህ ላይ ከቅዳሴ የሚወጡ ሴቶች የኔታን አዩ። የቆመ ጋሪ፣ የተኛ ቄስ፣ በእጃቸው መስቀል። ሕመምተኛ መሆናቸውን ሳይጠይቁ ለመሳለም ተሰለፉ። እናንተ ሰዎች ተውን እያልኩ ብጮህ ማን ሰምቶኝ! እሳቸውም መስቀል አልነፍግም ብለው እንደተኙ አሳለሙ። በመሃል ዓይናቸው ፈለገኝ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እኒያ ለጉንዳን የሚራሩ ሰው፣ አለንጋዬን ሰባብረው ያነደዱት ሰው፣ ባላቸው ትንፋሽ አንዲት ቃል ተናገሩ።

«ግረፈው።»

በምን ልግረፈው? እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሴቶቹ ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። ጎረምሶች ጠርተው የኔታን በጋቢው እንዳሉ ተሸክመው ሮጡ፤ እኔም ፈረሱን ትቼ ተከተልኳቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና አንጀታቸው ታጥፎ ነበር አለ። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ ብሎ አንገቱን ደፋ። ሌላ ምን ይበል? መንገድ ላይ አርፈው ነበር።

ስመለስ ፈረሱ እዚያው ማርያም ደጅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲያልፍ አልተነቃነቀም። አንድ ሰው አዝኖለት ይሁን አድንቆት ከፊቱ ሣር ጥሎለታል፤ አልነካውም። ገብሱን ይጠብቃል። ጠላሁት። እውነቱን ልናገር፣ ድንጋይ አንስቼም ነበር፤ ግን ያን ትምህርት ያስተማርነው እኛው ነንና ጣልኩት።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛ ከነፍስ ይማር ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በመጨረሻ ምን አሉ? ድንኳኑ ውስጥ ጥሩወርቅ ዓይኗ አብጦ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ቀሳውስቱም ጆሯቸውን አስጠግተው ይጠብቃሉ። መዋሸት አልፈለግሁም፤ እውነቱን መናገርም አልሆነልኝ። ስለ ፈረሱ ነው የተናገሩት አልኩ።

ድንኳኑ ተናወጠ። ወይ አባቴ፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለእንስሳ! ብላ ደረቷን ደቃች። አንድ ቄስ ተነሥተው፣ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ብለው አስተማሩ፤ ስለ የኔታ ርኅራኄ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። ሲያበቃ ጥሩወርቅ፣ ይህን ፈረስ ብትነካው የአባቴ አጥንት ይውጋህ ብላ በሰው ፊት አስማለችኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ኪሴ ገብስ አጥቶ አያውቅም። ማርያም ደጅ ስንደርስ ፈረሱ ቀጥ ይላል፤ እኔም እወርዳለሁ፣ እሳለማለሁ፣ አበላዋለሁ። አላፊ አግዳሚውም ቆም ብሎ ያየናል፤ የአማቱን የመጨረሻ ቃል እንዲህ የጠበቀ አማች የት ይገኛል እያለ ይመርቀኛል።