የሚስተር ፔንበርቲ ታላቅ ወፍ

ከተማ መቆርቆር ለማንም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። ሚስተር ኤቤኔዘር ፔንበርቲ ግን በግ አርቢ፣ ሱፍ ነጋዴ፣ የወፍጮ ባለቤት፣ የአካባቢው ዳኛና የምክር ቤት ዕጩ እንደመሆናቸው መጠን ይህ ጸጋ የግድ ይገባቸው ነበር። ስለሆነም ከኒው ሳውዝ ዌልስ ወንዞች በአንደኛው ዳር፣ ሜዳው ለጥ ካለበት ቦታ ችካል ቸክለው «ከተማ ይሁን» አሉ። ሆነ። ስም ሲፈለግላትም ትሕትናቸው እንዳይጎዳ ከራሳቸው ስም ሌላ አልመረጡም።

ወንዙ ዳር ድሮም ሰዎች ነበሩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ስላልነበራቸው ግን አልተቆጠሩም። ከነሱ አንዱ፣ ቢምባል የሚባል ሽማግሌ፣ ችካሉን አይቶ መጣና ፔንበርቲን ከአንድ ግዙፍ ባሕር ዛፍ ሥር ወሰዳቸው። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ፣ ቅርንጫፉ መንታ በሆነበት ላይ፣ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተሰግስጓል።

«ይታይሃል፣ ጌታው?»

«የወፍ ጎጆ ነው።»

«ወፍ አይደለም። ወንዙ ነው ያስቀመጠው።»

ፔንበርቲ ወንዙን አዩት። በዚያ በጋ የበግ ቁርጭምጭሚት እንኳ አያረጥብም ነበር።

«ሽማግሌ፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«አይቻለሁ» አለ ቢምባል።

የተማሩ ናቸውና ሲድኒ ላለው የሳይንስ ማኅበር ጻፉ። ጎጆው የጋሪ ጎማ ያህላል፤ ከዚህ በመነሣት ወፉ ከአንድ ሙክት እንደማያንስ ተረጋግጧል። ማኅበሩም ተደንቆ ወፉ ተይዞ እንዲላክለት ጠየቀ።

«ለመሆኑ ወፉን ማን አየው?» አለች ባለቤታቸው ሃሪየት።

«ትልቅ ነገር ቶሎ አይታይም፣ የኔ እመቤት።»

የቢምባል ሰዎች የባሕር ዛፍ ቅርፊት አንድ ወጥ አድርገው እየላጡ ጀልባ ይሠሩበት ነበር። ፔንበርቲ ለወፉ ደኅንነት ሲባል ዛፍ መላጥ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ፈርመው፣ እዚያው ዛፍ ላይ በምስማር መቱት።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው በላይኛው አገር ዘነበ። ዕጩው ከዛፉ ሥር በርሜል ላይ ቆመው ስለ ከተማዋ ብሩህ ተስፋ ንግግር ያደርጉ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ በርሜሉን ብቻ ነበር የነካካው። ሕዝቡ ንግግሩን ትቶ ገሚሱ ወደ ኮረብታው፣ ገሚሱ ወደ ጣራው ሮጠ። ለፔንበርቲ ግን አሥራ አንድ ገጽ ይቀራቸው ነበር፤ ጀምሮ መተው ደግሞ ለመሪ አያምርም። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ዛፉን ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ጭራሮው ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ውሃው ጫማቸውን እየላሰ፣ እንደሚሞቱ አወቁ። ፈሩ፤ ከልባቸው ፈሩ። ያኔ ቢምባል፣ ሃሪየትን ጨምሮ ጎረቤቱን ሁሉ ከየጣራው ለቅሞ ኮረብታው ላይ ካደረሰ በኋላ፣ እየቀዘፈ መጣ።

«ወፉን አገኘሁት» አለ ቀና ብሎ። «እውነትህን ነው፣ ትልቅ ነው።»

«አትቀልድ ወንድሜ፣ እጄ ዝሏል።» ወንድሜ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር።

«በል ግባ።»

አንድ እግራቸውን አውርደው ቆም አሉ። ከጀልባው ጎን ላይ ማስታወቂያቸው ከነፊርማው፣ ከነምስማሩ ተለጥፏል።

«ይሄ ቅርፊት . . . ከየትኛው ዛፍ ነው?»

«ከተቀመጥክበት። ክልክል ከሆነ ልመልሰው?»

«ክልከላው ማሻሻያ ያስፈልገዋል» አሉና ገቡ።

ቃላቸውን አክባሪ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ውሃ የተረፈ ሰው ለአገር ይበጃል ተብለው በሙሉ ድምፅ ሲመረጡ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ክልከላውን አሻሻሉት፤ የቅርፊት ጀልባ የተሳፋሪን ሱሪ እንደሚያረጥብ በዓይናቸው ስላዩ ቅጣቱ እጥፍ ሆነ። ጎርፉ የወሰዳት ከተማም እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እንድትሠራ ወሰኑ፤ ጎርፉ አንዴ መጥቶ ስለሄደ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረም።

ችካሉ እንደገና ሲቸከል ቢምባል መጥቶ ወደ ዛፉ ቀና አለ። አዲሱ ጭራሮ ከድሮው አንድ ክንድ ከፍ ብሏል። በዚህኛው ጊዜ ለፔንበርቲ ምንም አልነገራቸውም። የባሕር ዛፎቹን ግንድ በመዳፉ እየመታ ዞረና ቅርፊቱ ከሁሉም ሰፊ የሆነውን መረጠ።