ሰማይ የፈሰሰበት ቤት

ሥዕልን ከመምህር የሚማር ሰው ፈሪ ነው! ቆይ፣ አትቆጡኝ... እንዲህ የምለው እኔ ከማንም ስላልተማርኩ ብቻ ነው።

ሥራዬ ዘገባ ነው። የሰው ስም ፊደል በፊደል ሳላጣራ አልጽፍም። የውሃ ቀለም ስይዝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ወረቀቱን አረጥበዋለሁ፣ ቀለም ጠብ አደርጋለሁ፣ ወዲህና ወዲያ አዘነብለዋለሁ፣ ጨው እነሰንስበታለሁ፣ ከዚያ እፍ ብዬ የሚሆነውን አያለሁ። አንዳንዴ ዛፍ ይሆናል። አንዳንዴ ዛፍ ያልኩት በግ ሆኖ ይወጣል። አላርመውም!

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተነሣበት ሰሞን ነው። ሰበታና ቡራዩ ለዘገባ ስመላለስ ከርሜ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሚኒባስ ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። ትንሽ ልተንፍስ ብዬ። ከአስፋልቱ ፈቀቅ ያለ ጉብታ ላይ ተቀምጬ፣ ከፊቴ ያለውን መስክና ባሕር ዛፍ የከበበውን ቆርቆሮ ቤት መሳል ጀመርኩ። እስቲ ፍረዱኝ... በዚያ ሰሞን፣ የሰው መሬት ፊት ቁጭ ብሎ ወረቀት ላይ በቀለም የሚከፋፍል ሰው ምን ይመስላል? ስንቱን የዘገብኩት ሰውዬ ይሄ አልታየኝም!

"አካም ጅርታ" አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ኦቦ ደቻሳ፣ የቤቱም የመስኩም ባለቤት። ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ነው፤ ዐይናቸው ግን ወረቀቱ ላይ ነው።

"ይሄ አረንጓዴው መናፈሻ ነው?"

"ኧረ መስክዎ ነው፣ አባቴ።"

"ቢጫውስ? ኮንዶሚኒየም?"

"ገብስዎ ነው! የደረሰው!"

"ቀዩስ? መንገድ ነው?"

"እሱ... አምልጦኝ ነው።"

"መንገድ ነው ያመለጠህ?"

ከዚያ ቀና ብለው ቤታቸውን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ።

"ቤቴ የት አለ?"

ወገኖቼ፣ ቤቱ የለም! ስዬው ነበር፤ ግን ሰማዩ ሳይደርቅ ወረቀቱን አዘንብዬው...

"ሰማይ ፈሰሰበት" አልኳቸው፣ እውነቱ እሱ ስለሆነ።

"እና እኔን ከመሬቴ የሚያነሣኝ ሰማይ ነው?"

ወደ ቤቱ ዞረውም "ኮታ! ኑ!" ብለው ተጣሩ። ሁለት ጎረቤቶችና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከበቡኝ። አንደኛው ጎረቤት "ካርታ ነው" አለ። ሌላው ተጠራጠረ። ያዳኑኝ አዴ ጫልቱ ናቸው።

"ካርታ እንዲህ ይጨማለቃል? ይሄ እንኳን ሰው ሊያስነሣ፣ ይቺን ፍየልም አላስመሰለ!"

"በግ ናት" አልኩ ቀስ ብዬ።

ሁሉም ሳቁ። ኦቦ ደቻሳ ብቻ አልሳቁም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "የወንድሜም መሬት መጀመሪያ የጠፋው ወረቀት ላይ ነው። እኛ ያወቅነው ኋላ ነው።"

ብሩሼን አጠብኩና "ስንት መስኮት አለው?" ብዬ ጠየቅኩ። በሥዕል ዘመኔ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እስላለሁ፦ ሁለት መስኮት፣ በስተግራ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከጓሮ በረት። ባሕር ዛፎቹን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ።

"ላሟስ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"በረት ውስጥ ናት፤ አትታይም እኮ።"

"ባትታይስ! የለችም ልትል ነው?"

ላሟ ተሳለች። ቤቱም በወፍራም ቡናማ ቀለም፣ የትኛውም ሰማይ እንዳያነሣው ሆኖ ተተከለ። ሲደርቅ ልወስደው እጄን ብዘረጋ፣ ኦቦ ደቻሳ ቀድመው አነሡት። ጀርባው ላይ "ቤቱም መሬቱም ያለው እንደዚህ ነው" ብለው አንዱን ጎረቤት አጻፉ። ጎረቤቶቹ ፈረሙ፣ አዴ ጫልቱ ቀለሜን ነክተው የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ሠዓሊ ሥራው ላይ ይፈርማል አይደል? እኔም ደስ ብሎኝ ብዕሬን አወጣሁ።

ኦቦ ደቻሳ እጄን ያዙኝ።

"አንተ አትፈርምም" አሉ። "አንተ ቤቴን አንዴ ያጠፋህ ሰው ነህ!"