ዋርካው ሥር ማን ዐረፈ?

ፈጣን ሰው ክፉ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ፈጣኖች እንዳትቀየሙኝ። ችግሩ፣ የፈጣን ሰው ደግነቱም ፈጣን ነው፤ እናንተ ሳትደርሱበት ያልቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አበው ቀርፋፋውን አጽናንተውታል። እንቁላሉ እስኪደርስ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው ግን አልነገሩንም።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ያወቅሁት ከብስክሌት ላይ ነው፤ ያውም ሳልነዳ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ወደ ጎን ተቀምጬ።

በደርግ ጊዜ እኛ ሸዋ ሮቢት እሑድ እሑድ፣ ቀበሌው ስብሰባ ያልጠራ እንደሆነ ማለቴ ነው፣ ፀሐይ ዘወር ስትል በብስክሌት ሽርሽር እንወጣ ነበር። የአጣዬን አስፋልት ይዘን እስከ አንድ ትልቅ ዋርካ። ባለቤቴ ተካ ይነዳል፣ እኔ ከኋላው፤ ጎረቤታችን ሰኢድ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ብቻውን በቀይ ብስክሌቱ። ሜዳው ይሞቃል፤ ማሳው በሁለቱም ወገን ተዘርግቶ ያንቀላፋል፤ በስተምዕራብ ጣርማ በር ጉሙን ተከናንቦ ከሩቅ ያየናል። ዓይኔን ጨፍኜ የጎማውን ድምፅ ስሰማ፣ መሬቷ ራሷ ከሥራችን የምትፈስ ይመስለኝ ነበር። ዳዊት ስደግም እንኳ ልቤ እንደዚያ አይሰበሰብም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለተካ ግን ነገሩ ሽርሽር ብቻ አልነበረም። የበኩር ልጃችን ግርማ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ፣ ተካ ቤት ውስጥ ዝም ብሏል። ይበላል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የልጁን ስም ግን አይጠራም። እሑድ ፔዳሉን ሲረግጥ ብቻ ጥቂት ቃል ከአፉ ይወጣል። እኔም ጆሮዬን ጀርባው ላይ ጥዬ ያቺን ጥቂት ቃል ለቅሜ እመለሳለሁ። ሳምንቱን የምንኖረው በእሷ ነበር።

ሰኢድ እንግዲህ ይፈተለካል። ዋርካው ጋ ቀድሞ ደርሶ፣ ጋደም ብሎ፣ ላቡን አድርቆ፣ ውሃውን ጠጥቶ ይጠብቀናል። እኛ እያለከለክን ስንደርስ ብድግ!

«መጣችሁ? በሉ እንሂዳ፣ ጋሼ! እስካሁን እኮ እናንተን ስጠብቅ ነው።»

አያችሁልኝ? የሚያርፈው ያልደከመው ነው። የደከመውማ ገና ከመድረሱ ይነሣል። ሰኢድ ይህን በተንኮል አያደርገውም፤ እንዲያውም ቆሞ በመጠበቁ ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል።

አንድ እሑድ ቤት እንደገባን ተካ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፈና «ከእንግዲህ አልወጣም። የሰው ሸክም አልሆንም» አለ። ሸክሟ እኔ፣ ያፈረው እሱ! ሰባቱም ቀን ዝምታ ሊሆንብን ነው። «ሌላ አንድ እሑድ ብቻ፤ ለእኔ ስትል» ብዬ ለመንኩት።

ያ እሑድ ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ወር ዋለ። እኛ ከቅዳሴ መልስ ሽሯችንን ቀምሰናል፤ ሰኢድ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃም አይነካ። እኔ «ዛሬስ ቅር» ብለው፣ «ቤት ከተቀመጥኩማ እትዬ፣ መግሪብ አይደርስልኝም» ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ቀይዋ ብስክሌት አዘገመች፣ አዘገመች... ተካ አለፈው! ጀርባው ሲሰፋ በጉንጬ ተሰማኝ። ደወሉንም አቃጨለ፤ መንገዱ ላይ አንዲት ፍየል እንኳ ሳትኖር።

ዋርካው ጋ ቀድመን ደረስን። ተካ ጋደም አለ፤ ላቡን አደረቀ፤ ውሃውን ጠጣ። ቆይቶ ሰኢድ፣ ከንፈሩ ኩበት መስሎ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ከች አለ። ተካም ብድግ!

«መጣህ? በል እንሂዳ!»

ወይ የኔ ቀርፋፋ! ለአንድ ቀን ቢቀድም ሁሉን ረሳው።

ሰኢድ ቆሞ አየው። «ለካ እንዲህ ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ወላሂ፣ ለካ እንዲህ ነው የማደርጋችሁ።»

እኔ ግን አልተነሣሁም። «እግሬ ደንዝዟል» አልኩ። ሸክም ካልተነሣ ጫኚው ወዴት ይሄዳል? ተካ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሰኢድም ጥላው ላይ ተዘረጋ። ተካ ደግሞ ሊጠጣ ኮዳውን ከፈተና ሰኢድን አየት አድርጎ መልሶ ከደነው። ነፋሱ ቅጠሉን ያሾከሹከዋል። ማንም የሚቸኩልበት አልነበረም።

«ግርማ ብስክሌት ሲለምድ የወደቀው እዚህ ጋ ነው» አለ ተካ።

ስሙን ጠራው!

«ጉልበቱ ተልጦ አላለቀሰም፤ ወንድ ልጅ!»

«ኧረ አልቅሷል፣ ጋሼ! ያነሣሁት እኔ አይደለሁ? ሸሚዜን በንፍጡ ነው ያጠበው!»

ተካ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ሞላ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስለ ልጄ ሲያወሩ እኔ ዳር ሆኜ ሰማሁ።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ «በሁዳዴ ዋሸሁ፤ ጤነኛ እግሬን ደነዘዘ አልኩ» ብዬ ተናዘዝኩ። አባ ስግደት አዘዙኝ። እስከ ዓርብ ድረስ በዚሁ እግሬ ሰግጄ ጨረስኩ።

እሑድ ዋርካው ጋ ስንደርስ፣ እግሬ እንደገና ደነዘዘ።